ከእንግዲህ ያለ እንጨት ምን ይውጠናል? ስለ አይሪሽኛ ግጥምና ስለ ተመነጠረው ደን

ሊፊ ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብሊን ነው የምኖረው። እዚህ አገር ልጅ ትምህርት ቤት ከገባ አይሪሽኛ ግዴታው ነው። ልጄ ሰሞኑን አንድ ግጥም በቃልህ ያዝ ተብሎ መጣ። እኔ ቋንቋውን አልችልም፤ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ይዤ ላስጠናው ቁጭ አልኩ። እሱ ሦስት ስንኝ ሳይይዝ እኔ ተያዝኩ።

ግጥሙ «ኪል ኻሽ» ይባላል። ኪል ኻሽ በቲፐረሪ አውራጃ፣ ስሊቭናሞን በሚባል ተራራ ግርጌ ያለች መንደር ናት። የቡትለር ቤተሰብ ግንብ እዚያ ነበር፤ ፍራሹ ዛሬም ቆሟል። ግጥሙን ማን እንደ ገጠመው በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። አጀማመሩን በአቅሜ ወደ አማርኛ ስመልሰው ይህን ይመስላል፦

ከእንግዲህ ያለ እንጨት ምን ይውጠናል?
የመጨረሻው ደን ወደቀ፤
ስለ ኪል ኻሽም ሆነ ስለ ቤተሰቧ የሚያወራ የለም፤
ደወሏም ዳግመኛ አይደወልም።

«ካድ አ ዪንሃሚድ ፋስታ ጋን አይመድ» የምትለዋን የመጀመሪያ መስመር እዚህ አገር የተማረ ሰው ብዙው ያውቃታል። አይሪሽኛውን ረስቶ እሷን ብቻ የሚያስታውስ ሞልቷል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጠፋ ነገር ዝርዝር ነው። የዳክዬና የዝይ ድምፅ የለም። ንስር አይጮህም። ንብ ለሥራ አትወጣም፤ ለሰዉ ማርና ሰም የሚያመጣለት የለም። ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሆና ዓለሙን እሹሩሩ የምትለው ኩኩ ወፍ ጠፍታለች። ጭጋጉን ፀሐይ አይገፈውም። ውሃው እየሸሸ ነው። የቀረው ድንጋይ ብቻ።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ይህ የአካባቢ ጥበቃ ግጥም ነው ይባላል? ወይስ እኛ የዘመናችንን ጭንቀት እየጫንንበት ነው? በአይሪሽኛ የተጻፈ ሌላ የምታውቁት ካለም ወዲህ በሉ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፣ እንዳንደናገር።)

አሮጌው መምህር፦
ልጄ፣ ጥሩ ቦታ ነው የነካኸው። እኔ ግን ደኑ ሰሙ ነው፣ ወርቁ ሌላ ነው እላለሁ።

ግጥሙ ውስጥ «ደግ እመቤት» የምትባል ሴት አለች። ማርጋሬት ቡትለር ናት፤ በ1744 ሞተች። ዘመኑ ካቶሊኮች በሕግ የሚቀጡበት ዘመን ነው። መሬት መግዛት አይችሉም፤ ቄሶቻቸውና ጳጳሶቻቸው ይሳደዳሉ። የሷ ቤት ግን መጠለያ ነበር፤ ቅዳሴው እዚያ ይቀደስ ነበር። ግጥሙም ይህንኑ ያነሳል፤ መሳፍንት ከባሕር ማዶ እየመጡ እዚያ ያርፉ ነበር፣ ጣፋጩ ቅዳሴም ይነበብ ነበር ይላል። ስለዚህ «እንጨት» ሲል ከለላ ማለቱ ነው። አይሪሾቹ ጥላ የሚሆናቸው ጌታ አጡ።

አንድ ልብ በሉልኝ የምለው ነገር አለ። ደኑ የተመነጠረው እመቤቲቱ ከሞተች ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ቤተሰቡ የኦርመንድን የመስፍንነት ማዕረግ ወርሶ ወደ ኪልኬኒ ግንብ ተዛወረ። እንጨቱንም የሸጡት ራሳቸው ቡትለሮች ናቸው! የእንግሊዝ ወታደር መጥረቢያ ይዞ አልመጣም። ገጣሚው ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም። ለምን? ልቅሶ ላይ የሟች ነውር ስለማይነሳ ይመስለኛል።

ተረበኛው፦
ጋሼ ሳያዩት ያለፉት ነገር አለ። መጨረሻው ላይ ገጣሚው እመቤቲቱ በሰላም እንድትመለስ ይጸልይና፣ ስትመለስ ጭፈራ ይሆናል፣ ቫዮሊን ይመታል፣ ደመራ የመሰለ ትልቅ እሳት ይነዳል ይላል። በየትኛው እንጨት? አሁን አልቋል ብሎ ሲያለቅስ አልነበር?

ቆላ ደጋ፦
ሳቄን ለቀቅኩት። ግን ቁም ነገሩም እዚያ ጋ ነው።

እኔ የደን ባለሙያ ነኝ፤ ግጥም ብዙም አይሆንልኝም። ቢሆንም «ውሃው እየሸሸ ነው» የምትለዋ መስመር አስደነገጠችኝ። ገጣሚው ዝም ብሎ ወፍና ዛፍ ጠፋ ብሎ ቢያበቃ ጌጥ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እሱ ግን ዛፉ ሲቆረጥ ምንጩ እንደሚጎድል አይቷል። ሐዘልና ሆሊ የሚባሉት ዛፎች የሉም፣ ፍሬ የለም፣ የቀረው ድንጋይና ክምር ድንጋይ ነው፣ የዱር እንስሳውም ተበትኗል ይላል። የአንድን ተዳፋት መራቆት ሪፖርት ጻፍ ብባል እኔም ከዚህ የተለየ አልጽፍም።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልጨምር። አየርላንድ ውስጥ ሰው ሁሉ «ደናችንን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከብ ጨረሰው» ይላል። መርከብ አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። ብረት ለማቅለጥ ከሰል ተከሰለ። ለወይን ጠጅ በርሜል የሚሆን ጣውላ በገፍ ወደ ውጭ ተላከ። የኦክ ቅርፊት ለቆዳ ፋብሪካ ተላጠ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬቱ ለግጦሽና ለእርሻ ተፈለገ። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ በደን የተሸፈነው መሬት ከ2 በመቶ በታች ነበር።

ዛሬ 11 በመቶ ገደማ ደርሷል። ደስ ይላል? እንደ አያያዙ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹን የሚጠጋው ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የመጣ ሲትካ ስፕሩስ የሚባል ዛፍ ነው። እንደ ወታደር ተሰልፎ ይተከላል፣ ደርሶ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ሥሩ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ሣር አይበቅልበትም። ሊትሪም አውራጃ ያሉ ሰዎች ቤታችንን ከበበን፣ ፀሐይ ከለከለን እያሉ ተቃውሞ ያሰማሉ። «ኪል ኻሽ»ን ለሚያለቅስ ገጣሚ ይህን ደን ብታሳየው «ይኸው ተመለሰልህ» ብለህ ታጽናናዋለህ? እኔ አፍ የለኝም።

ወለላ፦
እኔ ደግሞ ንቧ ጋ ቀረሁ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሰሙን ቶሎ ጣሉት።

ግጥሙ ንብ ማርና ሰም ለሰዉ ታመጣ ነበር ይላል። ሰሙ ለምን ነበር? ለጧፍ ነዋ! ቅዳሴ በሚቀደስበት ቤት ሰም ቀልድ አይደለም። ዛፉ ሲቆረጥ አበባው ይሄዳል፤ አበባው ሲሄድ ንቧ ትሄዳለች፤ ንቧ ስትሄድ መቅደሱ ይጨልማል። እና እርስዎ «ወርቁ ሃይማኖቱና ፖለቲካው ነው» ያሉት ነገር ከደኑ በምን ይለያል? ለገጣሚው አንድ ገመድ ነው። አንዱን ጫፍ ስትስቢው ሌላው ይመጣል።

«የአካባቢ ግጥም» እና «የፖለቲካ ግጥም» ብለን ሳጥን ሠርተን የምንከፋፍለው እኛ ነን።

አሮጌው መምህር፦
ወለላ ልጄ፣ እጅ ወደ ላይ። ጧፉ አምልጦኝ ሳይሆን ላንቺ ትቼው ነው ልበል?

ብራና ወዳድ፦
ወደ ኋላ እንሂድ ካላችሁ ከ«ኪል ኻሽ» ዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ የሚቀድም አለላችሁ።

ስዊዘርላንድ፣ ሳንክት ጋለን የሚባል ገዳም ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ ውስጥ በ9ኛው ክፍለ ዘመን አይሪሽ ጸሐፍት የገለበጡት የላቲን ሰዋስው መጽሐፍ ይገኛል። ደረቅ መጽሐፍ ነው። ኅዳጉና መስመር መሐሉ ግን በሺዎች በሚቆጠሩ ማስታወሻዎች ተሞልቷል። ከገጾቹ በአንዱ ግርጌ ላይ አንዱ ጸሐፊ ሰዋስው ሰልችቶት ይሁን እንጃ፣ ግጥም ጻፈ። የዛፍ አጥር ከቦኛል፤ ጥቁሯ ወፍ ትዘምርልኛለች፤ ባሰመርኩት መጽሐፌ ላይ የወፎች ዜማ ይወርዳል፤ ግራጫ ካባ የለበሰችው ኩኩ ከቁጥቋጦ ጫፍ ትጣራለች፤ ጌታ ይጠብቀኝ፣ ከጫካው ሥር መጻፍ ያምርልኛል ይላል። በቃ። ከዚያ ወደ ሰዋስው ተመለሰ።

የኛንም ብራናዎች ያገላበጠ ሰው ኅዳግ ላይ ምን ምን እንደሚገኝ ያውቃል። የመሬት ውል አለ፣ የዕቃ ቆጠራ አለ፣ የጸሐፊው ምሬት አለ። ወፍ ግን አልገጠመኝም።

ሌላው የድሮ ትረካ ባለታሪኩ ሱዊኒ ነው፤ በአይሪሽኛ ሲቭኔ ይሉታል። በ637 በማግ ራህ ጦርነት ላይ አእምሮውን ስቶ ከጦር ሜዳ የሸሸ ንጉሥ ነው ይባላል። እንደ ወፍ ዛፍ ላይ ይኖራል፤ የሚበላው የምንጭ ዳር ቅጠል ነው። በመካከሉ ዛፎችን በየስማቸው እየጠራ ያወድሳል፤ ኦኩን፣ ሐዘሉን፣ አፕሉን፣ ሆሊውን። እሾሃሙን ግን ደሜን አፈሰስከኝ ብሎ ይወቅሰዋል። እውነተኛ የጫካ ነዋሪ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ አይደለም የሚያደንቀው።

ሕጋቸውም ያስገርማል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የጎረቤታሞች ሕግ ዛፎችን በአራት ማዕረግ ይከፍላል። በየማዕረጉ ሰባት ሰባት ዛፍ አለ። ላይኛዎቹ «የጫካ መኳንንት» ይባላሉ፤ ኦክ፣ ሐዘል፣ ሆሊ፣ ዩ፣ አሽ፣ ጥድና የዱር አፕል ናቸው። ከነዚህ «መኳንንት» የሌላ ሰው ዛፍ የቆረጠ ካሳ ይከፍላል፤ ካሳውም በከብት ይተመናል።

ነገር አይገባኝም፦
እናንተ ሰዎች ትንሽ ቀዝቀዝ በሉ። ተፈጥሮን ማድነቅና ለተፈጥሮ መጨነቅ አንድ አይደለም። መነኩሴው ወፍ ስለዘመረችለት ደስ አለው፤ ይህ ምኑ ነው የአካባቢ ጥበቃ? ጫካው ሞልቶ በተረፈበት ዘመን ማንም ያደንቃል።

ሁለተኛ፣ የ2022 የሕዝብ ቆጠራን አይቻለሁ። ወደ 1.87 ሚሊዮን ሰው አይሪሽኛ እችላለሁ ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72,000 ገደማ ብቻ ነው። ስለ አየር ንብረት መለወጥ መጨነቅህን ለዓለም ማሰማት ከፈለግህ በዚህ ቋንቋ መጻፍ ጉድጓድ ውስጥ መጮህ አይደለም ወይ?

የጎልዌይዋ፦
የመጀመሪያው ላይ እስማማለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ቆይ።

ጎልዌይ ነው የምማረው፤ አይሪሽኛ የሚነገርባቸው መንደሮች ቅርቤ ናቸው። ከዘመኑ ገጣሚዎች መካከል ካሃል ኦ ሳርኪ የሚባል የዶኒጎል ሰው አለ። «ጉድጓዱ» የሚል ግጥም አለው፣ የውሃ ጉድጓድ ማለቱ ነው። ብሪጅ የምትባል አሮጊት ለአንድ ልጅ ንጹሕ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ትሰጠዋለች፤ «ብርታትና ሕይወት ይሰጥሃል» ትለዋለች። ጉድጓዱን ቤተሰቡ ከትውልድ ትውልድ አጽድቶ ይጠብቀው ነበር። አሁን ግን ከሩቅ ተራራ በቧንቧ ውሃ ይመጣል። በሸለቆው ግራና ቀኝ በየማእድ ቤቱ ከቧንቧ ይንዶለዶላል። ውሃው ወዝ የለውም፣ ይመራል። ያ የጥንቱ ጉድጓድም እየተረሳ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚል ተራ ትዝታ ይሆን ነበር። መጨረሻው ላይ ግን አሮጊቷ የእጦት ዘመን ከፊታችን አለ፣ የራስህን ጉድጓድ ፈልግ፣ ወደ ምንጮቹ መመለስ ግድ ነው ትላለች። ውሃው ውሃ ነው፤ ቋንቋውም ነው። እኔ በልጅነቴ ቧንቧ ሲገባልን እልል ያልን ሰዎች ነን፤ ውሃ ለመቅዳት የሚሄደው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ገጣሚውን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ግጥሙን ግን እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ጉድጓድ ውስጥ ጩኸትህ ልምጣ። ቢዲ ጄንኪንሰን የሚባል የብዕር ስም ያላት ገጣሚ አለች። ግጥሞቿ በዛፍ፣ በእንስሳ፣ በወንዝ የተሞሉ ናቸው፤ ሰው እዚያ ውስጥ ጌታ አይደለም፣ ከፍጥረታቱ አንዱ ነው። በ1991 በጻፈችው ደብዳቤ አየርላንድ ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ ባልተረጎም እመርጣለሁ አለች። ሁሉን ነገር ምንም ሳይጎድል አጭዶ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆነች አየርላንድ ጎተራ መክተት ይቻላል ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ይቺ የኔ ትንሽ ስድብ ናት ብላለች። አየህ አይደል? አጭዶ መክተትን ነው የምትቃወመው። ደኑን የጨረሰውም ይኸው አስተሳሰብ ነው። ለሷ ቋንቋውን ለቅቆ ስለ ተፈጥሮ መጻፍ ዛፉን ቆርጦ ስለ ዛፉ እንደ ማልቀስ ነው።

መሬቱና ቋንቋው ደግሞ በግጥም ብቻ አይደለም የተያያዙት። በ2005 በሜዮ አውራጃ፣ ሮስ ዱቫኽ በሚባል አይሪሽኛ ተናጋሪ አካባቢ አምስት ሰዎች ታሰሩ። ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የጋዝ ቧንቧ በመሬታችን አያልፍም ብለው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ስላልተቀበሉ ነው። 94 ቀን ታስረው ወጡ። ጋዙ መፍሰስ የጀመረው በ2015 መጨረሻ ነው።

ነገር አይገባኝም፦
ቆንጆ መልስ። ግን ያልተተረጎመ ግጥም እኔ ጋ እንዴት ይደርሳል? ዝም ብዬ ላክብራት?

ሊፊ ዳር፦
ወንድሜ፣ መጨነቅ ነው የፈለግኸው አይደል? እንግዲያው ካሃል ቢ ማክ ጊላ ጉናን ላስተዋውቅህ። በ1756 የሞተ፣ ጠርሙስ የማይለየው ገጣሚ ነው። «ቦናን ቢ» የሚባለው ግጥሙ ስለ አንድ ወፍ ነው። ወፉ ረጅም እግርና አንገት ያለው፣ ወደ ቢጫ የሚወስደው ቡናማ ነው፤ ሸንበቆ ውስጥ ተደብቆ እንደ በሬ ያገሣል።

ገጣሚው ወፉን ሞቶ ያገኘዋል። ሐይቁ በረዶ ሆኖበት ውሃ ጠምቶት ነው የሞተው። «ብትልክብኝ ኖሮ መጥቼ በረዶውን በሰበርኩልህ» ይለዋል። ለሌላው ወፍ አላለቅስም፣ አንተ ግን በመልክም በጠባይም እኔን ትመስላለህ ይላል። ከዚያ ሚስቱ መጠጥ ተው፣ ዕድሜህ ያጥራል ስትለው «ውሸትሽን ነው! ይኸው ይህ ወፍ ባለመጠጣቱ አይደል የሞተው?» ብሎ ይመልሳል። ጎረቤቶቹንም ጠጡ፣ ከሞታችሁ በኋላ ጠብታ አታገኙም ብሎ ይመክራል።

አሁን የሚያሳዝነውን ልንገርህ። ያ ወፍ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ አየርላንድ ውስጥ መራባት አቁሟል። ረግረጉ ደረቀ፣ ሰዉም አደነው። አልፎ አልፎ በክረምት እንግዳ ሆኖ ብቅ ይላል እንጂ አገሬ ብሎ አይኖርም። ግጥሙን ወደ እንግሊዝኛ ከመለሱት አንዱ ቶማስ ማክዶና ነው፤ እሱም በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሣው የ1916ቱ አመጽ መሪነት ተረሸነ።

ተረበኛው፦
ሰውዬው ከሁላችንም የበለጠ ጠበቃ ነው። ለሚስቴ ላነብላት ነው።

ነገር አይገባኝም፦
ይህም ቢሆን የሰካራም ማመካኛ ነው። ወፉ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለጠፋ ካሃል ቢን የአካባቢ ተቆርቋሪ ልናደርገው ነው?

ቆላ ደጋ፦
ተቆርቋሪ አይደለም፣ ምስክር ነው። ያ ወፍ እዚያ ሐይቅ ላይ እንደ ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያውቀው ነግሮናል። ሰው ቀልድ የሚቀልደው በሚያውቀው ነገር ነው። ዛሬ ደብሊን ውስጥ አንዱን መንገደኛ አቁመህ ስለዚያ ወፍ ቀልድ ብትነግረው አይስቅም።

ተመሳሳይ ነገር በዓይናችን እያየን ነው። ኮርንክሬክ የሚባል ወፍ አለ። ጎጆውን ረጅም ሣር ውስጥ ይሠራል፤ ሌሊቱን ሙሉ «ክሬክስ ክሬክስ» እያለ ሰው አያስተኛም። ሣሩ በማጭድ፣ ዘግይቶ ሲታጨድ ጫጩቶቹ ያመልጡ ነበር። ማሽን መጣ፣ አጨዳው ቀደመ። አሁን አገሩ ውስጥ የሚጣራው ወንድ 200 ገደማ ቢሆን ነው፤ እሱም ዶኒጎል፣ ሜዮና ኮነማራ ጥግ ላይ ነው። የቀረበት ቦታ አብዛኛው አይሪሽኛ የቀረበት ቦታ መሆኑ ድንገት አይደለም። ትራክተሩም እንግሊዝኛውም እዚያ ዘግይተው ነው የደረሱት።

ወለላ፦
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አነበብኳት።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጎንደርና ጎጃም ብትሄዱ ከሩቅ አረንጓዴ ክብ ካያችሁ መሐሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያው እርሻ ነው፣ ደኑ ግን ተርፏል። ኪል ኻሽም ቅዳሴ ነበረ እያላችሁ ነው። እዚያ ለምን አልተረፈም?

አሮጌው መምህር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን አገሮቹን አናምታታ። የኛው ደን የታቦቱ ነው፤ ማንም ሰው ተነሥቶ አይሸጠውም። የኪል ኻሽ ደን የጌታው ነበር። ቅዳሴው በጌታው ቤት ቢቀደስም እንጨቱ ንብረቱ ነው፤ ገንዘብ ሲያስፈልገው በጨረታ ያወጣዋል። ገበሬው ደኑን ያውቀዋል፣ ወፉን ያውቀዋል፣ ውሃውን ይጠጣል፤ መሸጡን የሚሰማው ግን መጥረቢያው ሲመጣ ነው። ስለዚህ ነው ግጥሙ «ምን ይውጠናል» ብሎ የሚጀምረው። የሚጠይቀው ባለ ደኑ ሳይሆን በደኑ ሥር የሚኖረው ነው።

ነገር አይገባኝም፦
ይህኛው ገባኝ። አሁን የት አገኛቸዋለሁ?

የጎልዌይዋ፦
«ኪል ኻሽ» እና «ቦናን ቢ» ሁለቱም «አን ዱአናረ» በሚባለው መድበል ውስጥ አሉ። በ1981 የወጣ ነው፤ ከ1600 እስከ 1900 ያለውን ይሸፍናል። አይሪሽኛው በአንድ ገጽ፣ እንግሊዝኛው ፊት ለፊት ነው። «ኪል ኻሽ» በዜማም ይዘፈናል፤ ያለ መሣሪያ፣ በአንድ ሰው ድምፅ ፈልገህ ስማው። ጄንኪንሰንን ግን ቋንቋውን ካልተማርክ ምንም ማድረግ አልችልም።

ተረበኛው፦
ቆይ ቆይ። ሴትየዋ ያለችው አየርላንድ ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ ነው አይደል? ወደ አማርኛ አትተርጉሙኝ አላለችም!

የጎልዌይዋ፦
መዝገበ ቃላቱን እኔ እይዛለሁ፤ ለሷ ግን ፈቃድ መጠየቅ አለብን። እስከዚያው በ«ቦናን ቢ» እንጀምር። ካሃል ቢ ከሞተ ቆይቷል፣ አይከሰንም። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች እሑድ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ቤት አመታቱን ጋሼ ያርሙልኝ።